ሐሙስ ዕለት ስለደበቅሁት ቴሌግራም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ ለኦቦ ኢተፋ፣ ጎሬ።

አካም ጅርቱ ኦቦ? ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ዝናብ ሲመጣ የሚነሳብዎ የወገብ ሕመም ዘንድሮም ቀደመ ወይስ ትንሽ ታገሠዎ? እትዬ ወርቅቱስ እንደምን ከርመዋል? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ አምና የተከሉት ቡና ሁሉም ደህና ነው ወይ? እዚህ ዝናቡ ገብቷል፤ ከሰበታ ወደ ቡራዩ የምሄድበት አቋራጭ ጭቃ ሆኖ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የምሻገረው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ ሲጻፍ ደህና ነኝ ማለት ወግ ስለሆነ ጻፍኩት እንጂ፣ እውነቱን ከጠየቁኝ ደህና አይደለሁም።

ሰኔ ፲፪ ቀን የጻፉልኝን ደብዳቤ ከፖስታ ቤት ተቀብዬ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ነገሳ በሰላም ጎሬ ደርሶ ከእርስዎ ቤት መግባቱን ሳነብ ከእህታችን ከገለቴ አርባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አልኩ። ቀጥሎ ያለውን ግን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ልጁ ቀን ቡናው ውስጥ ይውላል፣ ማታ የሰጡትን ይበላል፣ ስለ ኳስ ከተነሳ ተነስቶ ይወጣል፣ ያንተን ስም ስጠራበት ፊቱ ይጠቁራል፤ የእናቱ ሐዘን ብቻ አይመስለኝም፤ ምን አድርገኸው ነው? ብለውኛል።

ኦቦ፣ እዚህ አገር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሱሉልታም ሰበታም ያለው ዘመድ ሁሉ ደግ አደረግህ እያለ ነው የሚያጽናናኝ። እርስዎ ስለጠየቁኝ ለእርስዎ እናገራለሁ። ብቻ ነገር ታስረዝማለህ እያሉ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁና ዛሬም ይታገሡኝ፤ ከሩቅ ካልጀመርኩ በቀር የሠራሁት ሥራ ለራሴም አይገባኝም።

ለኳስ የተሰጠሁበትን ቀን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያስታውሱታል። በ፴፯ ዓ.ም. ከሱሉልታ ድርቆሽ ጭኜ ጉለሌ እንድሸጥ ልከውኝ፣ ጃን ሜዳ ላይ ሰዎች ኳስ ሲጫወቱ አይቼ ቆሜ ቀረሁ። ድርቆሹን ከነአህያዋ ረሳሁት። አህያዋን በሁለተኛው ቀን እንጦጦ ሥር ፈልገው ያገኙት እርስዎ ነበሩ፤ አባታችን ሊገርፈኝ ሲነሳ መሀል የገቡትም እርስዎ። ያን ቀን ቢተውኝና ብገረፍ ኖሮ ብዬ አሁን አሁን አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ያውቁታል። መጀመሪያ እግሬን በፋሻ ጠቅልዬ ተጫወትኩ። ኋላ አንድ አርመናዊ ጫማ ሰፊ ታኬታ ሠራልኝ፤ ከሥሩ የቆዳ ቁራጭ በምስማር የተመታበት ነበር፤ ምስማሩ እየወጣ ውስጥ እግሬን ይበሳኝ ነበር። በግራ ክንፍ ስሮጥ ሕዝቡ መስመሩን አልፎ ሜዳው ውስጥ ይገባል፣ ፈረሰኛ ፖሊስ በአለንጋ ይመልሰዋል። እርስዎ አንድ እሑድ ከሱሉልታ በእግርዎ መጥተው፣ ካለቀ በኋላ፣ ይህን ያህል ሮጠህ የሮጥክለትን ነገር ለሌላ ሰው መስጠት ምን ይባላል? ብለውኝ ነበር። አቀብዬ እንጂ አግብቼ አላውቅም ነበርና። እስከ ዛሬ ይህን ሳስታውስ እስቃለሁ።

በ፵፭ ዓ.ም. ጉልበቴ ወለቀ። ቡራዩ ከሚገኙት ወጌሻ ዘንድ ሁለት ወር ተኛሁ። እግሬን አቀኑልኝ፤ ሩጫዬን ግን አልመለሱልኝም። በዚያ ሁለት ወር ከቡድኔ ሊጠይቀኝ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የመጣው ማልያዬን ሊወስድ ነው። ከዚያ ቤት ያተረፍኩት ቢኖር የወጌሻውን የእህት ልጅ ተረፈችን ነው። እሷን አግብቼ ቡራዩ ቀረሁ።

ሌላ ሙያ አልነበረኝምና የቡራዩን የእንጨት ሥራ ልጆች ሰብስቤ ማሰልጠን ጀመርኩ። ከዚያ ናዝሬት ጠሩኝ፣ ከናዝሬት ጅማ፣ ከጅማ አስመራ፣ ከአስመራ እንደገና ናዝሬት። አሰልጣኝ ይበሉኝ እንጂ ቡድን መሪውም እኔ፣ ወለምታ አሺውም እኔ፣ በየከተማው ለአሥራ አምስት ጎረምሳ አልጋ የምለምነውም እኔ ነበርኩ። ተረፈች ቡራዩ ሆና ልጆቹን ለብቻዋ አሳደገች፤ ለገና ስመጣ ትንሿ ልጄ እንግዳ መጣ እያለች እናቷን ትጠራ ነበር። ቡድኑ ሲያሸንፍ ልጆቹ አሸነፉ ይባላል፤ ሲሸነፍ ባይሳ ተሸነፈ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ዋንጫ በእጄ አልነካሁም። ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሼ ሁለቱንም ጊዜ ሌላው ሲሸለም ቆሜ አጨበጨብኩ።

የሰበታው ፋብሪካ በ፶፱ ሲቀጥረኝ ተረፈች እልል አለች፤ ከቡራዩ ሰበታ ቅርብ ነው ብላ። እኔ ደግሞ ሌላ ደስታ ነበረኝ። የገለቴ ልጅ ነገሳ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ኳስ ይዞ በግራ በኩል ሲሄድ አይቼው ራሴን ያየሁ መሰለኝ። ገለቴ አልሰጥም ብላ ሦስት ወር ሙሉ ለመነኋት። በመጨረሻ እጁን ይዛ እኔ ፊት አቆመችውና፣ እኔ ለኳስ አልሰጠሁትም፣ ለአንተ ነው የሰጠሁት አለችኝ። ነገሳ የእናቱ ወንድም ነኝና ኤሱማ ይለኝ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ጋሼ ሲለኝ እሱ ብቻ ከሜዳው ዳር ሆኖ ኤሱማ! ብሎ ሲጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ የፋብሪካዎች ዋንጫ ድሬዳዋ ላይ ሆነ፤ በፋሲካ ማግሥት ባለው ሳምንት። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጠርቶኝ ባይሳ፣ ዘንድሮም ባዶ እጅህን ከመጣህ ከርሞ ሌላ ሰው እናያለን አለኝ። አልተቀየምኩትም። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠራኝ ከተማ እንደማይኖር እኔም አውቀው ነበር። ማክሰኞ በባቡር ሄድን። ነገሳ ፋሲካን ከእናቱ ጋር ውሎ ነበር የመጣው። ገለቴን እኛ ስንነሳ ትኩሳት ጀምሯት ኖሯል፤ ለልጇ ግን ድካም ነው ብላ ሸኘችው።

ሐሙስ ሚያዝያ ፳፪ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ወዳረፍንበት ሆቴል ቴሌግራም መጣ። የተቀበልነው እኔና ሸምሰዲን ነን። ሸምሰዲን የቡድናችን ጸሐፊ ነው፤ አባቱ ሰበታ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ድሮ አብሮኝ የተጫወተ በረኛ ነው። ቴሌግራሙን የላከው የገለቴ ባል ኩምሳ ነው። ገለቴ በጠና ታማለችና ነገሳን ይዘህ ዛሬውኑ ተነሳ ይላል። ኦቦ፣ እንዲህ የሚል ቴሌግራም ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። በእኛ አገር ሞተች ተብሎ በቴሌግራም አይጻፍም። ወረቀቱን እንደያዝኩ እህቴ መሞቷን አወቅሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ከግድግዳው ወዲያ ነገሳ ከልጆቹ ጋር ሲስቅ ይሰማኛል።

ጨዋታው ለአሥር ሰዓት ነው። ለፍጻሜ የሚያልፈው የሚለይበት ጨዋታ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ማታ ይነሳል፤ በእሱ ብንሄድ ዓርብ ጠዋት ለገሃር፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ሱሉልታ እንገባለን። ይህን ሁሉ ያሰላልኝ ሸምሰዲን ነው። ባይሳ፣ ይህ ወረቀት የእኔም የአንተም አይደለም፣ የልጁ ነው፤ ማታ ይዘኸው ሂድ፣ እናቱን አፈር ያልብስ አለኝ። እኔም በእኛ ደንብ መርዶ በሰው አገር፣ በመንገድ ላይ አይነገርም፤ ቤቱ ገብቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው ብዬ መለስኩለት። ሸምሰዲን ቆጣ አለ። ደንባችሁን አውቃለሁ፣ እኔም ሰበታ ነው ያደግሁት አለኝ። ደንቡ ሳትነግረው ይዘኸው ና ነው የሚለው፤ አቆየው አይልም። እናትህ ትንሽ አሟታል በለውና ይዘኸው ሂድ አለኝ።

 እንግዲያው ጨዋታው ይለቅና እናያለን አልኩት። ወረቀቱን አጥፌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ነገሳ ያን ቀን የተጫወተውን ጨዋታ እንደገና የማይ አይመስለኝም። ከዕረፍት በፊት አንድ፣ ከዕረፍት በኋላ አንድ አገባ። ሁለተኛውን ሲያገባ ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ላቡ ፊቴን አራሰው። አየህ ወይ ኤሱማ? አለኝ። ደረቴ ላይ በተጫነ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት እንዳይንኮሻኮሽ እጄን ጣል አደረግሁበት። ሁለት ለአንድ አሸነፍን።

ራት ላይ ሳለን ባቡሩ ጮኸ። ጣቢያው ከሆቴላችን ቅርብ ነው። ሸምሰዲን ማንኪያውን አስቀምጦ አየኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ። ባቡሩ ሁለተኛ ጮኸና ሄደ። ነገሳ ምነው ኤሱማ አትበላም? ቢለኝ ጥርሴን አሞኛል አልኩት፤ የራሱን ለስላሳ እንጀራ መርጦ ወደ እኔ ገፋልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸምሰዲን ከሥራ ነገር በቀር ሌላ አላናገረኝም።

በሱሉልታ ደግሞ ዓርብ የሆነውን ኩምሳ ነው የነገረኝ። ቀብሩ ሐሙስ ከሰዓት መሆን ሲገባው ለልጇ ተብሎ አደረ። ዓርብ ኩምሳ አንድ ሰው በፈረስ አስቀምጦ ወደ አስፋልቱ ላከ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሰውየው እየሄደ የሚወርደውን ያያል። ስድስት አውቶቡስ አለፈ። ካህናቱ አስከሬኑ ይጎዳል እያሉ ጠየቁ፤ ኩምሳ አንድ ብቻ፣ የሚቀጥለው ብቻ እያለ አቆያቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ቀበሯት። ያን ሰዓት እኔ ድሬዳዋ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ለእሑዱ ጨዋታ ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ እጽፍ ነበር።

እሑድ አንድ ለባዶ አሸነፍን። ዋንጫውን ያነሳው ነገሳ ነው። ሰኞ በባቡር ስንመለስ ሲጨፍር፣ ሲያጨበጭብ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ ሲያስቅ ዋለ። ይህን ዋንጫ ሱሉልታ ወስጄ እናቴን ጠላ አጠጣበታለሁ እያለ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይናገራል። ሰዎቹም እሰይ፣ ትጠጣ፣ ትጠጣ ይሉታል። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ፊቴን ወደ ነፋሱ አዞርኩ። ኦቦ፣ በሕይወቴ የፈለግሁት ያ ዋንጫ ከፊቴ ተቀምጦ፣ ላየው አልቻልኩም።

ማክሰኞ ሰበታ ስንገባ ፋብሪካው ቱሩምባውን ነፋ፣ ሠራተኛው ወጥቶ ነገሳን በትከሻው ተሸከመው። ከሕዝቡ ኋላ የኩምሳን ታናሽ ወንድም አየሁት። ነጠላውን አዘቅዝቆ ነበር፤ ልጁ እንዳያየው ፊቱን አዙሮ ወደ አጥሩ ተጠጋ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ነገሩት። የልጁን ጩኸት አልጽፍልዎትም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ነው የባሰው። ሽማግሌዎቹ በየተራ እጄን እየያዙ፣ ልጁን በሰው አገር ሳታስደነግጥ እቤቱ ድረስ ማድረስህ ደግ ሠራህ፣ የራስህን እንባ ዋጥህ እያሉ አመሰገኑኝ። ቴሌግራሙ ዘግይቶ ደርሶት ነው አሉ እንጂ ማንም መቼ ደረሰህ አላለኝም። ኩምሳ ራሱ መንግሥት ፖስታውን ቢያሠራው ኖሮ ብሎ አዘነ።  እርስዎም አባታችን ያረፉ ጊዜ ጅማ ለነበርኩት ለእኔ ሰባት ቀን መደበቅዎን እያነሱ የኢተፋ ወንድም አይደል ሲሉኝ እንኳ ዝም አልኩ። የእርስዎ ሌላ ነው፤ ለእኔ ሲሉ ነበር፤ ደግሞም እርስዎ ራስዎ የሰሙት አባታችን ከተቀበሩ በኋላ ነው። ይህን ለይቼ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር።

ለአርባዋ ሸምሰዲንም ከሰበታ መጣ። ነገሳ ከዳስ አውጥቶ ብቻውን ጠየቀው፤ ቴሌግራሙ መቼ ደረሳችሁ? አለው። ሸምሰዲን አይዋሽም። ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ከጨዋታው በፊት አለው።

በማግሥቱ ነገሳ ቡራዩ ቤቴ መጣ። ተረፈች ግባ ብላ በርጩማ አቀረበችለት፤ አልተቀመጠም፤ ውሃም አልጠጣም። በሩ ላይ እንደቆመ አቶ ባይሳ አለኝ። እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ለምን ደበቅህ ብዬ አልጠይቅህም፣ ደንብ ነው ትለኛለህ፣ ሁሉም ደንብ ነው ይሉኛል አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሐሙስ ብንሸነፍ ኖሮ በማታው ባቡር ይዘኸኝ ትመጣ ነበር? አለኝ።

ኦቦ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለጋዜጠኛ፣ ለሥራ አስኪያጅ፣ ለተቆጣ ሕዝብ መልስ አጥቼ አላውቅም። ለዚህ ልጅ ግን ምላሴ ተሳሰረ።  ተረፈች ከኋላዬ ሆና አንድ ነገር በለው እንጂ አለችኝ። አላልኩም። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ማልያውን አጥቦ፣ አጥፎ፣ ደጃፌ ባለው አጥር ላይ ትቶት ኖሯል፤ ተረፈች ናት ያስገባችው። ከዚያ በቡና መኪና ተሳፍሮ ወደ እርስዎ እንደመጣ ከደብዳቤዎ ነው ያወቅሁት።

እንግዲህ ያደረግሁት ይህ ነው። አሁን ዋንጫ ስላለኝ ሁለት ከተማ ጠርቶኛል፤ ጅማና አስመራ። ለሁለቱም መልስ አልጻፍኩም። ፋብሪካውም ውሌን እንዳድስ ወረቀት ልኮልኛል፤ ሳልፈርምበት ተቀምጧል። ኩምሳን ነገ ሱሉልታ ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ይህን ለእርስዎ ስጽፍ ነው የቆረጥኩት። ከዚያ በኋላ ለገለቴ ሙት ዓመት ከቤቱ ደጅ ያስቆመኝ እንደሆነ አላውቅም።

በቀረው፣ እትዬ ወርቅቱን እጅ ነስቻለሁ በሉልኝ፤ ልጁን በዚህ ሐዘኑ ስለያዙልኝ ውለታቸውን አልረሳም። ልጆችዎን በየስማቸው ሳሙልኝ፤ ትልቁ በትምህርቱ እንዳይሰንፍ አጎትህ ብሏል ብለው ይንገሩልኝ። ጎረቤትዎን አብዶን፣ በግንቦት ሽማግሌ ይዘው መርዶውን በወግ ስለነገሩዎ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ። ተረፈችና ልጆቼ እጅ ነስተዋል፤ ትንሿ አሁን አድጋለች፣ እንግዳ ማለቱን ትታለች።

ለነገሳ ሰላምታ አልልክም፤ እንደማይቀበለኝ አውቃለሁ። ታረቀው ብለውም እንዳያስጨንቁት እለምንዎታለሁ። ይህን ብቻ ንገሩልኝ። ቡራዩ ቤቴ በር ላይ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልሱ አዎን ነው። ሐሙስ ብንሸነፍ ኖሮ በማታው ባቡር ይዤው እመጣ ነበር፤ እናቱንም በእጁ ይቀብራት ነበር።

ታናሽ ወንድምዎ
ባይሳ

ሰበታ፣ ሰኔ ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.